ባለቤትና ተሳቢ፤ የኢልያ ኢሊች ኦብሎሞቭ ልጅነት

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፣ አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርዩን ጠባይ ከልጅነት አስተዳደጉ እያነሣ እንዴት እንደሚያሳይ ይረዳሉ፤ የባለቤትና የተሳቢ ልዩነት ለድርሰት የሚሰጠውን ጥቅም ያውቃሉ፤ የሰውን ጠባይ በድርጊት የሚገልጽ አጭር ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. መግቢያ

የዐረፍተ ነገርን ክፍሎች ባጠናችሁበት ጊዜ፣ ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ ተሳቢ ደግሞ የባለቤቱ ድርጊት የሚያርፍበት መሆኑን ተምራችኋል። «ልጁ በሩን ከፈተ» ባልን ጊዜ የሚከፍተው ልጁ ነው፤ የሚከፈተው በሩ ነው። ይህ ሕግ እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል። ሆኖም የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስናነብ «በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የድርጊቱ ባለቤት ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ሰዋስው ከደብተራችን ወጥቶ የሰውን ጠባይ የምንመረምርበት መሣሪያ ይሆናል።

ዛሬ የምናጠናው ገጸ ባሕርይ በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ የሥራ ፈትነት ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ኢልያ ኢሊች ኦብሎሞቭ ነው። ደራሲው ኢቫን ጎንቻሮቭ (1812—1891 እ.ኤ.አ.) ልብ ወለዱን በገጸ ባሕርዩ ስም ሰይሞ በ1859 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የመጽሐፉ እምብርት የሆነው የኦብሎሞቭ ሕልም ግን አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1849 እ.ኤ.አ.፣ ለብቻው ታትሞ ነበር። ይህ ሕልም የሚተርከው የሰውየውን ልጅነት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ደራሲው ለአንባቢ አስቀድሞ ያቀረበው ልጁን ነው፤ ጎልማሳው የመጣው በኋላ ነው።

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፦ ሰው ሰነፍ ሆኖ ይወለዳልን? ወይስ ሌሎች ሰዎች ሳያስቡት ሰነፍ አድርገው ያሳድጉታል?

ለ. ምንባብ

ኢልያ ኢሊች ኦብሎሞቭ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ወይም ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነ ባለርስት ነው። ከሦስት መቶ የሚበልጡ ገባሮች ያሉበት ኦብሎሞቭካ የሚባል ርስት ከአባቱ ወርሷል። የሚኖረው ግን ከርስቱ ርቆ በፒተርስቡርግ ከተማ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ልብ ወለዱ ሲጀምር ተኝቶ እናገኘዋለን። ሰፊና ለስላሳ የቤት ካባውን ለብሶ ሊነሣ ያስባል፤ ነገር ግን አይነሣም። ምስለኔው የርስቱ ገቢ እየቀነሰ መሄዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ልኮለታል፤ የቤቱ ባለቤትም ቤቱን እንዲለቅ ጠይቆታል። ሁለቱም ጉዳዮች ፈጣን መልስ ይሻሉ። ጠያቂዎች ተራ በተራ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ኦብሎሞቭ ከመኝታው እንዳለ ነው። ርስቱን የሚያሻሽልበት ታላቅ ዕቅድ በአእምሮው ውስጥ አለ፤ ዕቅዱ ግን ከአእምሮው ወርዶ ወረቀት ላይ አያርፍም።

ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ክፉም አይደለም። ልቡ ንጹሕ መሆኑን ወዳጁ አንድሬይ ሽቶልዝ ሳይቀር ይመሰክርለታል። ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ያህል አገልግሏል። አንድ ቀን ግን ወደ አስትራካን መሄድ የሚገባውን ወረቀት ወደ አርካንግልስክ ላከው። አለቃውን ፈርቶ ቤቱ ቀረ፤ ቀጥሎም ሥራውን ለቀቀ። ታዲያ ይህን የመሰለ ሰው ምን ያዘው? ደራሲው የዚህን መልስ የሚሰጠን ኦብሎሞቭ በሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ልጅነቱን በሕልሙ ሲያይ ነው።

በሕልሙ ኢልዩሻ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ጠዋት በደስታ ይነቃል፤ ፊቱ ቀይ፣ ዐይኑ ንቁ ነው። ሞግዚቱ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፤ እናቱ ትስመዋለች፣ ታጎርሰዋለች። ከዚያም ወደ ውጭ ሲወጣ ለሞግዚቱ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ልጁን ለብቻው እንዳትተወው፣ ወደ ፈረሶችና ወደ ውሾች እንዳታስጠጋው፣ ከሁሉም በላይ ወደ ገደሉ እንዳይሄድ እንድትጠብቀው ትታዘዛለች። ልጁ ግን መሮጥ ይፈልጋል። ሞግዚቱ ቀኑን ሙሉ ስትከተለው ትውላለች።

ከምሳ በኋላ ቤተ ሰቡና አሽከሩ ሁሉ በእንቅልፍ ይሸነፋል። ሞግዚቷም ታንቀላፋለች። በዚያ ሰዓት ኢልዩሻ ብቻውን ነው። ወደ ተከለከለው አሮጌ ሰገነት ይወጣል፤ በአትክልቱ ሥፍራ ይዞራል፤ ነፍሳትን ይመረምራል፤ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይሮጥና ፈርቶ ይመለሳል። በቀኑ ውስጥ ልጁ በእርግጥ የኖረው ይህችን አጭር ሰዓት ብቻ ነው። ይህችም ሰዓት የተሰጠችው ሳይሆን ጠባቂዎቹ በመተኛታቸው ያገኛት ናት።

ልጁ አድጎ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ነገሩ አልተለወጠም። ዛኻር የሚባለው አሽከር ካልሲውን ያጠልቅለታል፤ ኢልዩሻ በጀርባው ተንጋሎ አንዱን እግር ከዚያም ሌላውን መዘርጋት ብቻ ነው ሥራው። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ዐይኑን ሲጠቅስ ሦስት አራት አሽከሮች ይሯሯጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ደሙ ሲሞቅ ራሱ ሮጦ ሊያመጣ ይነሣል፤ ወዲያውኑ አባቱ፣ እናቱና አክስቶቹ ባንድነት ይጮኹበታል፤ አሽከሮች ምን ሊሠሩ ነው የተቀመጡት እያሉ ይመልሱታል። አንድ የክረምት ቀን አምልጦ ከመንደር ልጆች ጋር በበረዶ መጫወት ጀመረ። ቤቱ በሙሉ ተሸበረ። አሽከሮች ተልከው ያዙት፤ በፀጉር ካፖርትና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመው አመጡት፤ ምንም ሳይታመም አልጋ ላይ አስተኙት።

ትምህርቱም እንዲሁ ነበር። የሽቶልዝ አባት በአቅራቢያው ባለ መንደር የሚያስተምር ጀርመናዊ ነው። ኢልዩሻ ሰኞ ሰኞ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ነገር ግን አንዱን ሰኞ በዓል ቀርቧል ተብሎ፣ ሌላውን ብርድ ነው ተብሎ፣ ሌላውን ዐይኑ ደክሟል ተብሎ ከቤት ይቀር ነበር። በሄደም ጊዜ ወዳጁ አንድሬይ የትርጕም ሥራውን ይሠራለታል። አንድሬይ ራሱ ግን ሌላ ዐይነት ልጅ ነበር። አባቱ ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ ይዞት ይሄዳል፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነውም ለጉዳይ ብቻውን ወደ ከተማ ይልከዋል። ግማሽ ቀን ቢጠፋ አባቱ አይደነግጥም።

የኋላው ታሪክ ከዚህ ይፈልቃል። ኦብሎሞቭ ኦልጋ የምትባል ብልህ ወጣት ወደደ፤ ወደደችውም። ለጥቂት ጊዜ ከሶፋው ተነሣ። ጋብቻው ግን ሥራን ይጠይቅ ነበር፤ ወደ ርስቱ መሄድ፣ ሒሳብ መያዝ፣ መወሰን አስፈለገ። ይህን አልቻለም፤ ተለያዩ። በመጨረሻ እንደ ልጅነቱ ሞግዚት ሳትሰለች የምትንከባከበውን ባለቤት አልባ ሴት አገባ፤ በድሎት እንደ ተቀመጠም በሕመም ሞተ። ኦልጋን ያገባው ሽቶልዝ ነው፤ የኦብሎሞቭን ትንሽ ልጅ ወስደው ያሳደጉትም ሽቶልዝና ኦልጋ ናቸው። ዕድሜውን በሙሉ ካልሲ ሲያጠልቅ የኖረው ዛኻር ደግሞ በስተርጅና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲለምን እናገኘዋለን።

ሐ. የምንባቡ ቋንቋ

አሁን ስለ ኢልዩሻ ልጅነት ወደሚናገረው ክፍል ተመለሱና አንቀጾቹን መርምሩ። ኢልዩሻን አጠቡት፤ አለበሱት፤ አጎረሱት፤ ጠበቁት፤ መለሱት፤ ጠቀለሉት፤ ተሸከሙት፤ አስተኙት። በእነዚህ ሁሉ አንቀጾች መጨረሻ ላይ የምትገኘው «ት» የምታመለክተው ልጁን ነው። ልጁ የድርጊቱ ተሳቢ ነው፤ ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው።

ሌላም ምልክት አለ። ካልሲውን አጠለቀለት፤ ትምህርቱን ሠራለት። እዚህ «ለት» የምትለው ምእላድ ድርጊቱ ለማን ጥቅም እንደ ተፈጸመ ትናገራለች። የምትጎዳ አትመስልም። ነገር ግን ለአንድ ልጅ ብዙ ነገር «በተደረገለት» መጠን ራሱ «ያደረገው» ነገር ያንሳል።

ልጁ ባለቤት የሆነባቸው አንቀጾች የትኞቹ ናቸው? ወጣ፣ ዞረ፣ መረመረ፣ ሮጠ። እነዚህም የተፈጸሙት ሁሉ ሲተኛ ወይም እርሱ ሲያመልጥ ነው። በቤቱ ሕግ መሠረት ልጁ ባለቤት መሆን የሚችለው በስርቆት ብቻ ነው። በኋላም በገባሮቹና በርስቱ ላይ ባለቤት ተብሏል፤ በገዛ ቀኑ ላይ ግን ባለቤት መሆን አልቻለም። የጎልማሳው ሐኬት ምንጭ ይህ ነው። ጎንቻሮቭ «ኦብሎሞቭ ሰነፍ ነበር» ብሎ አልፈረደም፤ ስንፍናው በየዕለቱ በየትኞቹ እጆች እንደ ተሠራ አሳየ እንጂ።

እነዚህ እጆች የጠላት እጆች አልነበሩም። ወላጆቹ ይወዱታል። ጥፋታቸው መውደዳቸው ሳይሆን፣ የልጁን ጉልበት እንደ አደጋ መቍጠራቸው ነው። በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚባል ተረት አለ። ተረቱ እውነት አለው፤ የልጅ ሥራ ጎደሎ ነው። ነገር ግን ያልበቃውን ሊጥ ያላቦካ ልጅ፣ የሚበቃውን የሚያቦካው መቼ ተምሮ ነው?

መ. ማነጻጸሪያ

ከዚህ ተነሥተን «ተከልሎ ያደገ ሁሉ ሥራ ፈት ይሆናል» ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስታውሱ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልም በቤት ውስጥ ተጠብቃ ያደገች ናት። በዘር አይመጥኗትም እየተባለ የሚጠይቋት ሁሉ ሲመለሱ ዓመታት አለፉባት። እርሷም በጋብቻዋ ጉዳይ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አልነበረችም። ይሁን እንጂ በዛብህ መጥቶ ካስተማራት በኋላ የራሷን ልብ አወቀች፤ በመጨረሻም የአባቷን ቤት ጥላ ወጣች።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ለኦብሎሞቭ ክልከላው ድሎት ሆኖለታል፤ አጥሩን እንደ ፍራሽ ተኝቶበታል። ለሰብለ ግን አጥሩ አጥር እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ሁልጊዜም ከማዶው ያለውን ትመለከት ነበር። ስለዚህ ድርሰት ስትጽፉ አስተዳደጉን መናገር ብቻ አይበቃችሁም፤ ልጁ አስተዳደጉን እንዴት እንደ ተቀበለው ማሳየት አለባችሁ።

ሠ. ነገሩ በእኛ ቤት

ኦብሎሞቭን የሚሸከመው ሥርዓት በሩሲያ በ1861 እ.ኤ.አ. በዐዋጅ ቀርቷል። በኢትዮጵያም የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፈርሷል። ታዲያ የዛሬ ተማሪ ሦስት መቶ ገባር ስለሌለው ይህ ታሪክ አይመለከተውም ማለት ነውን?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሮቢትን እንውሰድ። በራያ ቆላ ዝናቡ አጭር ነው፤ ገበሬው ከምዕራቡ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፍ በሌሊት ቢመጣ ሰው ሁሉ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ይወጣል። ማሽላው ሲያሸት ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ማማ ላይ ያለ ልጅ አይቶ፣ ወስኖ፣ ወንጭፎ ባለቤት ይሆናል። እርሱን ኦብሎሞቭ ልንለው አንችልም። እርግጥ ነው፣ ልጅን ከትምህርት ገበታው የሚያስቀር ሥራ ሌላ በደል ነው፤ ያም ልጅ በሌላ መንገድ ተሳቢ ሆኗል። ለልጅ የሚስማማው ለዐቅሙ የሚመጥን፣ ደብተሩን የማይነጥቀው ሥራ ነው።

ነገር ግን ከማሳው ወደ ቤት እንግባ። በብዙ ቤቶች ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ መደብ ላይ ይቀመጣል። እህቱም ከአንድ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ከአንድ ክፍል ተመልሳለች። እርሷ ግን አትቀመጥም። ውሃ ትቀዳለታለች፤ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ምሳውን ታቀርብለታለች። «ለት» የምትለውን ምእላድ አስተዋላችኋትን? እናት ደግሞ «እርሱ ያጥና» ትላለች፤ በፍቅር ነው የምትለው። የሁለቱ ጥናት የሚመዘነው በአንድ ፈተና መሆኑን ግን ማንም አያነሣውም።

ያ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሄዶ ክፍል ሲከራይ፣ ስንቁ ከቤት ይላክለታል እንጂ እህቱ አትላክለትም። ሽሮ መሥራት አያውቅም፤ ልብስ ማጠብ ያሳፍረዋል፤ በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው የለም። ትምህርቱን ቢያቋርጥ ሰው «ሰነፍ ነበር» ይላል። እህቱስ? ፈተናዋን ብትወድቅ እርሷም «ሰነፍ ነበረች» ትባላለች። የእርሱ ጉዳት ሥራ ማጣቱ፣ የእርሷ ጉዳት ጊዜ ማጣቷ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። ኦብሎሞቭን ስናነብ ዛኻርን መርሳት የሌለብን ስለዚህ ነው። ሥራ የፈታ እጅ ባለበት ሁሉ፣ በሁለት ሰው ፋንታ የሚሠራ ሌላ እጅ አለ።

ረ. የድርሰት ትምህርት

የሰውን ጠባይ የምንገልጸው በሁለት መንገድ ነው፤ በመናገርና በማሳየት። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

አንደኛ፦ «የበኵሩ ልጅ ሰነፍ ነው። ሥራ አይወድም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲሠራለት ይፈልጋል።»

ሁለተኛ፦ «ጎህ ሲቀድ እናትየዋ ምጣዱን ጥዳለች፤ እህትየዋ ጀሪካን አዝላ ከውሃ ተመልሳለች። እርሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቧል። ‹ተነሥ እንጂ፣ ረፈደ› አለችው እህቱ። ‹ተዪው፣ ማታ ሲያጠና አምሽቷል› አለች እናትየዋ። እህትየዋ ደብተሩን ከመደቡ ላይ አንሥታ ከቦርሳው ከተተችለት። ቁርሱን በልቶ ሲወጣ በደጃፉ የማሽላ አገዳ ነዶ ወድቆ አየ፤ ተራምዶት አለፈ። ከኋላው የምትመጣው እህቱ ጎንበስ ብላ አነሣችው።»

በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ «ሰነፍ» የሚል ቃል የለም። ሆኖም አንባቢ ልጁን ዐወቀው። ከዚህም በላይ ልጁን ያን ያደረገው ማን እንደሆነ፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ማን እንደሆነ ዐወቀ። የመጀመሪያው አንቀጽ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ጥሩ ደራሲ ምስክርነቱን አቅርቦ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል።

ሰ. መልመጃ

አንደኛ፤ የቃላት ጥናት። ሐኬት፣ ቅምጥል፣ ድሎት፣ ሞግዚት፣ ምስለኔ። የእያንዳንዱን ቃል ፍች በመዝገበ ቃላት ፈልጋችሁ በዐረፍተ ነገር አግቡት።

ሁለተኛ፤ ሰዋስው። የሚከተሉትን ጥንድ አንቀጾች ተመልከቱ፤ ለበሰ — አለበሱት፣ ታጠበ — አጠቡት፣ በላ — አበሉት፣ ተኛ — አስተኙት፣ ተነሣ — አነሡት። በየጥንዱ ባለቤቱና ተሳቢው ማን እንደ ሆነ ተናገሩ። ከዚያም «ወጣ»፣ «ተመለሰ»ና «ተማረ» የሚሉትን በተመሳሳይ መንገድ ጥንድ አድርጉ።

ሦስተኛ፤ የምንባብ ጥያቄዎች።
1. ኢልዩሻ ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት የትኛው ነው? ደራሲው ይህን ሰዓት ለምን በዝርዝር ገለጸው?
2. የኢልዩሻና የአንድሬይ አስተዳደግ በምን ይለያያል? ከምንባቡ ሦስት ማስረጃ አቅርቡ።
3. ልብ ወለዱ የዛኻርን መጨረሻ የሚነግረን ለምን ይመስላችኋል?
4. እ.ኤ.አ. በ1859 ሐያሲው ኒኮላይ ዶብሮልዩቦቭ ስለዚህ መጽሐፍ በጻፈው ታዋቂ ሐተታ፣ የኦብሎሞቭን ጠባይ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ሕመም አድርጎ ተመልክቶታል። እናንተ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

አራተኛ፤ የቃል ክርክር። በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ «የኦብሎሞቭ ጥፋት የወላጆቹ ነው» በሚለው ርእስ ተከራከሩ። ተቃዋሚው ቡድን፣ ሰው ከጎለመሰ በኋላ አስተዳደጉን ማመኻኘት እስከ መቼ ይገባዋል የሚለውን ነጥብ ያንሣ።

አምስተኛ፤ ድርሰት። ትናንት ከመኝታችሁ ከተነሣችሁበት እስከ ተኛችሁበት ሰዓት በቤታችሁ የተሠራውን ሥራ በሁለት ዐምድ ጻፉ። በአንደኛው ዐምድ «ቀዳሁ፣ አጠብሁ፣ ጠረግሁ» እያላችሁ እናንተ ባለቤት የሆናችሁበትን አስፍሩ። በሁለተኛው ዐምድ «ቀዳችልኝ፣ አጠበችልኝ፣ አቀረበልኝ» እያላችሁ ለእናንተ የተደረገውን፣ ከአድራጊው ጋር ጻፉ። ሁለተኛው ዐምድ ከረዘመ አትፈሩ፤ እውነቱን ጻፉ። ከዚያም ከሁለተኛው ዐምድ አንድ ሥራ መርጣችሁ ለአንድ ሳምንት ወደ አንደኛው ዐምድ አዛውሩት፤ ማለት ራሳችሁ ሥሩት። ሳምንቱ ሲያልቅ፣ ያ ሥራ እጃችሁ ላይ እንዴት እንደ ነበረ፣ ሥራውን የተረከባችሁትም ሰው ባገኘው ጊዜ ምን እንደሠራበት የሚያሳይ፣ «ሰነፍ» እና «ጎበዝ» የሚሉ ቃላት የሌሉበት የአንድ ገጽ ድርሰት ጽፋችሁ አምጡ።